መኪና እየሄደች ስትጠፋ ጥፋቱ የነዳጅ ፓምፕ ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ ትንንሽ የቤንዚን መኪኖች ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። የናፍጣ ነገር ሌላ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ስትሞቅ ድንገት ትጠፋለች። ትንሽ አቁሜ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። ፓምፑ ነው ተባልኩ፣ ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ይሄ ምልክት ሁለት ተጠርጣሪ አለው። አንዱ ፓምፑ ነው፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር ሲያረጅ ሙቀት አይችልም። ሁለተኛው የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ነው፤ የሞተሩን መዞር ለመኪናዋ ኮምፒውተር የሚነግረው። እሱም ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይነቃል። አጠፋፏን ልብ በል። ነዳጅ ያጠራት መኪና ብዙ ጊዜ እየተንገጫገጨች፣ ጉልበት እያጣች ነው የምትጠፋው። ሴንሰሩ ከሆነ ግን መብራት እንደሄደበት ቤት ቀጥ ትላለች። ከጠፋች በኋላ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እያዞረ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም ቀስት ዜሮ ላይ ከተጋደመ ጥርጣሬህን ወደ ሴንሰሩ አዙር። በአንዳንድ መኪና ግን ቀስቱ ሞተሩ እስኪነሳ አይነቃነቅም። ስለዚህ የብልሽት ኮድ የሚያነበው ኮምፒውተር ይታሰርላት። ፒ0335 (P0335) የሚል ኮድ ከወጣ ከሴንሰሩና ከሽቦው ጀምር፤ ፒ0087 ከወጣ የነዳጅ ግፊት ወርዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያለ መሣሪያ ፓምፑ መሥራቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በጆሮሽ፣ እህቴ። ሬዲዮውን አጥፊና ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ አድርጊው። በብዙ መኪና ፓምፑ ከኋላ ወንበር አካባቢ ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ብሎ ያቆማል፤ በአንዳንዱ ግን ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው የሚሠራው። ማቆሙ አያስደንግጥሽ፣ ሥራው ነው። ምንም ካልተሰማ መጀመሪያ ፊውዙ፣ ከዚያ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ይታይ። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ ካለ አቀያይሮ መሞከር ይቻላል። ድምፁ አለ ማለት ግን ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ግምት አይሠራም፣ የነዳጁ ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ይለካ። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ከ3 እስከ 4 ባር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናዎ መመሪያ ላይ አለ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወርድ ከሆነ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የነዳጅ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ወይም ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ታፍኗል።

ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። ፓምፑ እየሠራ እያለ ሶኬቱ ላይ ቮልት ይለካ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት ብዙ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ኔጌቲቭ) ነው። ሶኬቱን ነቅለው ያዩት እንደሆነ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ፣ አንዱ ፒን ጠቁሮ ሊያገኙት ይችላሉ። እዚያ ላይ አዲስ ፓምፕ ቢሰኩ እሱም ያው ነው የሚሆነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ፓምፕ ተጥሏል!

ጥያቄ፦ ጠዋት ብዙ ካላዞርኳት አትነሳም፣ ከተነሳች በኋላ ሰላም ናት።

መልስ፦ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦን ኦፍ አድርግና ከዚያ አስነሳ። ቶሎ ከተነሳች ግፊቱ ሌሊት እየወረደ ነው። ነዳጁ ወደ ታንክ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ፣ ግፊቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ በሪዘርቭ መንዳት ፓምፕ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ አዎ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ሩብ ታንክ ሳይደርስ ይሞላ። «ታች ያለውን ቆሻሻ ይስባል» የሚለው ወሬ ግን አይዋጥልኝም፤ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም እኮ የሚስበው ከታች ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ መኪና ላይስ ይደርሳል?

መልስ፦ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቶዮታም ሆንዳም የጃፓኑ ዕቃ አምራች ዴንሶ የሠራውን ፓምፕ ለመቀየር ብዙ መኪና ጠርተዋል። ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ተሽከርካሪ ቤንዚን መጥጦ ቅርፁን እየለወጠ ፓምፑን ያስቆም ነበር። በሻንሲ ቁጥር ያጣሩ።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ብትጠፋብኝስ?

መልስ፦ መሪው ይከብዳል፣ ግን ይታዘዛል። ፍሬኑን ደጋግመህ አትርገጥ፤ አንዴ ረግጠህ ያዝ፣ አለበለዚያ እገዛው ያልቃል። የአደጋ መብራት አብርተህ ዳር ያዝ። መኪናዋ ሳትቆም ቁልፉን አትንቀል፣ መሪው ይቆለፋል።

ጥያቄ፦ ፓምፑን ራሴ ልቀይር?

መልስ፦ በአንዳንድ መኪና ከኋላ ወንበር ሥር ክዳን ስላለው ሥራው ቀላል ነው። ግን ቤንዚን ነው፣ ቀልድ የለም። ግፊቱን አስለቅቅ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ አየር ያለበት ቦታ ላይ ሥራ። የክዳኑን ላስቲክ በአዲስ ቀይረው። አሮጌው አንዴ ካበጠ አይገጥምም፣ መኪናዋም ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።