ሽጉጥ በልብስ ሥር፦ ስለ ቴክሳስ የፈቃድ ትምህርት ለጠየቃችሁን

ከዳላስ፣ ከጋርላንድና ከሂውስተን ስለ ሽጉጥ መያዣ ፈቃድ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ብዙዎቻችሁ አሁንም «ሲ ኤች ኤል» (ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ) ትሉታላችሁ። ከ2016 ጀምሮ መጠሪያው «ኤል ቲ ሲ» (የመያዝ ፈቃድ) ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴክሳስ ያለ ፈቃድ መያዝ ከፈቀደች ቆየች አይደል? ታዲያ ገንዘቤንና ቀኔን ለምን ላቃጥል?

ልክ ነው፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወዲህ ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ ይችላል። ፈቃዱ ግን ሥራ አልፈታም። ሌላ ክፍለ ግዛት ስትሄዱ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ሽጉጥ ስትገዙም ሱቁ ደውሎ የሚያደርገውን የወንጀል ማጣሪያ ይተካል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሦስተኛው ጥቅም ነው። የፌዴራል ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መሣሪያ ይዞ መገኘትን ይከለክላል፤ ግዛቱ ፈቃድ የሰጠውን ሰው ግን ነጻ ያደርገዋል። ዳላስ ውስጥ ትምህርት ቤት ሳታልፉ ወተት መግዛት ትችሉ እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የማመልከቻው ክፍያ 40 ዶላር ነው፤ የትምህርቱና የጣት አሻራው ለብቻ ይከፈላሉ። ትምህርቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ፈቃዱን ለማሳደስ ድጋሚ መማር አያስፈልግም።

ሽጉጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ፈተናው ይከብዳል?

የጽሑፉ ፈተና 25 ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 70 በመቶ። የሚጥለው ስለ ሽጉጥ የሚጠይቀው ሳይሆን ስለ ሕግ የሚጠይቀው ነው፤ ገዳይ ኃይል መቼ እንደሚፈቀድና የት መያዝ እንደማይቻል። ትምህርቱን በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል፤ ተኩሱ ግን አስተማሪ ፊት ነው።

የተኩሱ ፈተና 50 ጥይት ነው፦ 20 በ3 ያርድ፣ 20 በ7 ያርድ፣ 10 በ15 ያርድ። በሜትር 2.7፣ 6.4 እና 13.7 አካባቢ መሆኑ ነው። ሽጉጡ ከማህደር አይመዘዝም፤ በእጅ ተይዞ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጥይት 2 ሴኮንድ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ በ15 ያርድ 5 ጥይት በ15 ሴኮንድ ይተኮሳል። ሰው ቅርጽ ያለው ኢላማ መሐሉ ላይ ሲመታ 5 ነጥብ፣ ቀጥሎ ያለው ቀለበት 4፣ ከዚያ ውጭ ያለው የሰውነቱ ክፍል 3 ይሰጣል። ከ250 ማለፊያው 175 ነው።

እስቲ እናስላው። በ3 ያርድ ሁሉንም መሐል ከመታችሁ 100 ነጥብ ያዛችሁ። በ7 ያርድ ሁሉም 4 ነጥብ ቢሆኑ 80 ይጨመራል። 180 ሆነ፤ የ15 ያርዱ ሳይተኮስ አልፋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ በሩቁ ኢላማ አትሸበሩ፤ በቅርቡ ላይ አትቸኩሉ። በአንጻሩ ሃምሳውንም ሰውነቱ ጠርዝ ላይ የመታ ሰው 150 ብቻ ይዞ ይወድቃል።

ስትሄዱ 100 ጥይት ያዙ፤ ግማሹ ለመለማመጃ። የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ሽፍን ጫማ፣ አንገቱ የተዘጋ ልብስ አይቅር። የሚፈናጠር ቀለህ ትኩስ ነው፤ ደረት ውስጥ ሲገባ ሰው ሽጉጥ እንደያዘ መዝለል ይጀምራል።

ጥይቶቼ ሁሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ቀለሁም ሳይወጣ ይያዛል። ሽጉጡ ነው ወይስ እኔ?

ይቅርታ ይደረግልንና፣ አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ነዎት። ቀኝ እጁ የሆነ ሰው ርግጫውን ፈርቶ ጥይቱ ሳይወጣ በፊት እጁን ከጨመቀና ቃታውን ከነጠቀ አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሰበራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሌላ ሰው ካርታው (የሽጉጡ ጥይት መያዣ) ውስጥ ሁለት ሦስት የውሸት ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ይሙላልዎ። የውሸቱ ላይ ሲደርሱ ድምፅ ሳይኖር አፈሙዙ ሲጎነበስ በዓይንዎ ያዩታል። ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ የልምምድ ጉዳይ ነው።

የቀለሁ መያዝም ከዚያው የራቀ አይደለም። የእጅ አንጓ ሲላላ ሽጉጡ ሙሉውን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው ተስቦ ቀለሁን ለመጣል የሚደገፍበት ያጣል። አንጓውን ያጥብቁ፤ ግራ እጅዎ ከቀኙ የበለጠ ይጨብጥ። ቀለሁ ተቀርቅሮ ከቆመ ጣትዎን ከቃታ ያውጡ፣ ካርታውን ከሥር መታ ያድርጉ፣ ብረቱን በኃይል ስበው ይልቀቁ።

ማቀባበል የሚያቅታችሁ ደግሞ ሽጉጡን ወደ ደረት አስጠግታችሁ ብረቱን በግራ ያዙትና በቀኝ እጅ እጀታውን ወደ ፊት ግፉ። ብዙ ጀማሪ ጉልበት ሲያጣ ሰውነቱን ያዞርና አፈሙዙን ጎረቤቱ ላይ ይደቅናል፤ ከተኩስ ሜዳ የሚያስባርር ጥፋት ይኼ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን «ስቦ መልቀቅ» አይሠራም። ተኩሱ ከወትሮው ደከም ብሎ «ጵፍ» ካለ ወዲያውኑ ያቁሙ። የጥይቱ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀጥለው ጥይት ሽጉጡን እጅዎ ላይ ያፈነዳዋል። ቃታ ስበው ምንም ካልተሰማ ደግሞ አፈሙዙን ኢላማው ላይ እንዳደረጉ 30 ሴኮንድ ይጠብቁ፤ የከሸፈ የመሰለ ጥይት ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል።

ጥሩ አስተማሪ በምን ይታወቃል?

የግዛቱ የሕዝብ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ የሰጣቸው ብቻ ናቸው ማስተማር የሚችሉት፤ ዝርዝራቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ተኩስ ሜዳ ላይ አንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይይዛል? የማያውቅ ሰው ከፈተናው በፊት ልምምድ አለው? መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ጥይት ይገባል? ለመጨረሻው «አይገባም» የማይል ሰው ጋ አትሂዱ።

ሕጉ ስለ መሣሪያና ገዳይ ኃይል፣ ስለ ሽጉጥ አያያዝ፣ ጠብን ያለ ኃይል ስለ ማብረድ፣ መሣሪያን ልጆች እንዳያገኙት አድርጎ ስለ ማስቀመጥ ተማሪው እንዲማር ያዛል። ጥሩው አስተማሪ ጠብ ስለ ማብረድ ሲደርስ አይቸኩልም፤ ደካማው በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ኢንሹራንስ መሸጥ ይጀምራል። ልጆችን በተመለከተ እናስታውሳችሁ፦ ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ልጅ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልታ የተወ ሰው በቴክሳስ ይከሰሳል።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። እችላለሁ?

ሌላ ክልከላ ከሌለብዎ ይችላሉ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያሉት ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ተከራይቶ መተኮስም እንደ መያዝ ይቆጠራል። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው የረሃይፍ ጉዳይ መነሻው የተማሪ ቪዛው ዋጋ ያጣ ሰው ለልምምድ መተኮሱ ነበር። የጥገኝነት ውሳኔ የምትጠብቁ፣ ሽጉጥ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ግሪን ካርድ ያለውንም ቢሆን በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ለመባረር ሊያበቃው ይችላል።

ሌላም አለ። ስትገዙ የምትሞሉት የፌዴራል ቅጽ በሕገ ወጥ መንገድ ዕፅ ትጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። አዲስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመደበ ነው። የሐሰት መልስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይዞ መግባት ይቻላል?

ከ2019 ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ካልከለከለ ይቻላል። የሚከለክለው በር ላይ የ30.06 ምልክት (ቁጥሩ የቴክሳስ ወንጀል ሕግ አንቀጽ ነው) በመለጠፍ ነው፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ ቢያንስ አንድ ኢንች ቁመት ባላቸው ፊደላት። ሰው ጠርቶ በቃል መናገርም ይበቃል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ መስፈርቱን አያሟላም፤ ሰበካ ጉባኤዎች ልብ በሉ። አዳራሹ የምርጫ ጣቢያ በሆነበት ጊዜ ምልክት ባይኖርም ክልክል ነው።

ከሕጉ ሌላ፦ ነጠላ ለብሶ የሚሰግድ ሰው ወገቡ ላይ ያለው ሽጉጥ በቀላሉ ይወጣል። ቃታውን የማይሸፍንና ሲጎነበሱ የማይዝ ማህደር ይዞ አይኬድም።

ኡበር እነዳለሁ፤ በበዓል ደግሞ በመኪና ቨርጂኒያ እሄዳለሁ።

ኡበርም ሊፍትም ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዲይዙ አይፈቅዱም። ወንጀል ባይሆን እንኳ ሒሳብዎን ያዘጋል። በጉዞው፣ አርካንሶ፣ ቴነሲና ቨርጂኒያ የቴክሳስን ፈቃድ ይቀበላሉ፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ አይቀበሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላይ ሕጋዊ የነበሩ ሰው ድልድዩን ተሻግረው ዲሲ ሲገቡ ወንጀለኛ ይሆናሉ፤ እዚያ ያልተመዘገበ ሽጉጥ መያዝ ራሱ ያስከስሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ጋ የሚያድሩ ከሆነ ሽጉጡን ቤት ይተዉት።

ፖሊስ ቢያስቆመኝስ?

ሽጉጥ ይዘው ፖሊስ መታወቂያ ከጠየቀዎ መንጃ ፈቃድዎንና የሽጉጥ ፈቃድዎን አብረው ማሳየት ሕጉ ያዛል። ሁለቱን አንድ ቦታ ያስቀምጡ፣ ከሽጉጡ ርቆ፤ የኢንሹራንስ ወረቀቱ የመኪናው የፊት መሳቢያ (ግሎቭ ቦክስ) ውስጥ ካለ ሽጉጡ እዚያ አይሁን። የውስጥ መብራት ያብሩ፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ፣ ሽጉጡ የት እንዳለ በቃል ይንገሩ። ለማሳየት ብለው ግን እጅዎን ወደዚያ አይዘርጉ።