መልስ፦ እርሻ፣ ጤናና ሥነ ጥበብ በአንድ ጥናት

«እርሻን፣ ጤናንና ሥነ ጥበብን አጣምሬ ልመረምር ነው፤ ግን አርቲስቱ እዚያ ምን ይሠራል?» ላሉት ጠያቂ፦ ብዙ ይሠራል። ፖስተር ለማሳመር ብቻ ከሆነ ግን ባይጠሩት ይሻላል።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ የአርቲስት ሜል ቺን ሥራ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ካድሚየም በሚባል መርዛማ ብረት በተበከለ የቆሻሻ መጣያ ላይ እጽዋት ተከለ። ካድሚየሙን በሥሮቻቸው ስበው ቅጠላቸው ውስጥ የሚያከማቹ ናቸው። አብሮት የሠራው ሩፈስ ቼኒ የአፈር ተመራማሪ ነው። ቦታው በካሬ ውስጥ ያለ ክብ ነበር። ክቡ ውስጥ የሚፈተኑት እጽዋት፣ ከክቡ ውጪ ደግሞ ማነጻጸሪያው። መተላለፊያዎቹም ዝርያዎቹን ይለያያሉ። ቅርጹ ራሱ የሙከራው ንድፍ ነበር ማለት ነው! ጤናውም የተለጠፈ አይደለም፤ ካድሚየም በምግብ በኩል ገብቶ ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንዱ ሙያ ብቻውን የማይመልሰውን ጥያቄ ይፈልጉ። አማካሪም ከሳይንሱም ከሥነ ጥበቡም ወገን ይያዙ። አርቲስቱን ዳታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ያስገቡት። ማን ምን እንደሚጽፍ፣ የማን ስም እንደሚቀድምም ገና ከጅምሩ ተነጋገሩ፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።