ስበት ወይስ መግነጢስ?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «በጥንት ዐለቶች ውስጥ የቀረው የመሬት ስበት ሕንድ ድሮ የነበረችበትን ኬንትሮስ ያሳያል» ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ «ስበት የሚለውን አውጣው» አለኝ። ማግኔትም እኮ ብረት ይስባል፤ ታዲያ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። «ስበት» ከ«ሳበ» የወጣ ስለሆነ በዕለት ተዕለት ንግግር ለማግኔት ቢነገርም ያግባባል። በትምህርት ቤት አማርኛ ግን «የመሬት ስበት» ቦታውን ከያዘ ቆይቷል፤ የበሰለ ፍሬ ከዛፉ ሲላቀቅ ወደ ታች የሚያወርደው ኃይል ነው። ተማሪዎ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ዐለቱ ያስቀረው ክብደት ይመስለዋል። ዐለቱ ያስቀረው አቅጣጫ ነው።

እሳተ ገሞራ የሚተፋው ቅልጥ ዐለት ሲረጋ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ማዕድን ይኖራል። ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ በዚያ ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ወገቧ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ላይና ወደ ታች እንድትዞር የተተወች የማግኔት መርፌ እዚህ ጋደም ልትል ምንም አይቀራት። ወደ ዋልታ በተጠጋን ቁጥር እያዘነበለች ትሄዳለች፤ መግነጢሳዊው ዋልታ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ዝንባሌ» የሚለው ቃላችን ለዚህ ነገር ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

ሕንድን መጥቀስዎ ደስ ብሎኛል። በምዕራብና በመካከለኛው ሕንድ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ የደካን ባዛልት፣ የፈሰሰው ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ዛሬ ሙምባይ አካባቢ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 19 ዲግሪ ግድም ላይ ይገኛል፤ የያዘው ዝንባሌ ግን የረጋው በስተደቡብ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑን ይመሰክራል። ሕንድ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጉዛለች ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በፓትሪክ ብላኬት ይመራ የነበረው የለንደን ቡድን እነዚህን ዐለቶች ሲለካ፣ አህጉራት ይጓዛሉ የሚለውን ሐሳብ የማይቀበል ምሁር ገና ብዙ ነበር።

ያልጠየቁኝ ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ኬንትሮስ» ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የምንናገረው በ«ኬክሮስ» ነው፤ «ኬንትሮስ» የምሥራቅና የምዕራብ ነው። ቃላቱ በድምፅ ስለሚቀራረቡ ይምታታሉ፤ እዚህ ላይ ግን መምታታቱ ሳይንሱን ያፈርሰዋል፤ ምክንያቱም የዐለቱ ዝንባሌ ኬክሮስን እንጂ ኬንትሮስን አይነግረንም። አንድ ዐለት ወደ ምሥራቅ ብቻ ቢሄድ ዝንባሌው ምንም አያሳብቅም።

ለስያሜው «ቅሪተ መግነጢስ» ቢሉ እመርጣለሁ። ተማሪዎች «ቅሪተ አካል»ን ስለሚያውቁ ከጥንት የቀረ ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። «ማግኔት»ና «መግነጢስ» ሁለቱም ሥራቸው ግሪክኛ ነው፤ ግእዛዊው «ቅሪተ» ግን ከ«መግነጢስ» ጋር ያምርበታል። እንግዲህ እንዲህ ብለው ያርሙት፦ «በጥንት ዐለቶች ውስጥ ያለው ቅሪተ መግነጢስ ሕንድ ድሮ የነበረችበትን ኬክሮስ ያሳያል።»