«መድኃኒትዎን ወስደዋል?» «አዎ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው»

ጥያቄው የመጣው ፋርማሲ ውስጥ ከሚሠሩ አንዲት አንባቢ ነው። አጠር ሳደርገው እንዲህ ይላል፦ «የመድኃኒት ከረጢት ላይ ሁሉንም ‹በቀን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ› ብዬ ነው የምጽፈው። በቀደም አንድ አዛውንት ‹ወዴት ነው የምወስደው?› ብለው አሳቁኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን መሰለኝ። ለክኒኑም፣ ለቅባቱም፣ ለመርፌውም የሚሆን አንድ ግሥ በአማርኛ የለም? ደግሞስ በአፍ ለሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ‹ክትባት› ማለት ልክ ነው?»

ከመጀመሪያው ልጀምር። የለም። ባይኖርም ይሻላል።

አማርኛ መድኃኒቱ በየት በኩል እንደሚገባ በግሡ ይናገራል። ክኒን ይዋጣል። ሽሮፕ ይጠጣል። ቅባት ይቀባል፤ የዓይን ጠብታ ጠብ ይደረጋል፤ ዱቄት ቁስል ላይ ይነሰነሳል፤ እንፋሎት ይታጠኑታል። መርፌውን ደግሞ እንወጋለን። ዳማከሴን ብቻ ይመልከቱ። ምች የመታው ሰው ቅጠሉን አሽቶ ያሸታል፣ ጭማቂውን በቡና ይጠጣል፣ የተረፈውን ገላው ላይ ይታሻል። አንድ ቅጠል፣ ሦስት ግሥ፣ ሦስት መንገድ። «ዳማከሴ ወሰድኩ» ያለ ሰው ግን ሰምተው ያውቃሉ? «ኮሶ ወሰድኩ»ም የለም። ኮሶ ይጠጣል፣ ያውም ፊት ተጨማዶ።

«ወሰደ» በተራው አማርኛ አንድን ነገር ከዚህ አንስቶ ወደዚያ ማድረስ ነው። በመድኃኒት ላይ የመጣው ከባዕድ ቋንቋ እየተረጎምን ሳይሆን አይቀርም። አሁን በጣም ስለተለመደ ይጥፋ አልልም፣ ሐኪሞች እርስ በርስ ሲያወሩ ምንም አይጎዳም። ችግሩ ከሕመምተኛ ጋር ነው። ነርሷ «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ትላለች። እናት «አዎ ልጄ» ይላሉ። እሷ የጠየቀችው ስለ መዋጥ ነው፣ እሳቸው የመለሱት ከመስኮቱ ስለ መቀበል ነው፣ መድኃኒቱ ገና ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

የአክስቴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ክሊኒክ ሰፖዚተሪ፣ ያው በፊንጢጣ የሚገባውን መድኃኒት፣ ሰጧት። «ማታ ማታ አንድ አንድ ይውሰዱ» ተባለች። ሦስት ቀን ሙሉ በውኃ ስትውጠው ከረመች። «ሰም ሰም ይላል፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቀልጣል» እያለች ስታማርር፣ እኛ ደግሞ መድኃኒት መቼ ጥሞ ያውቃል እያልን እናጽናናት ነበር። በአራተኛው ቀን ጎረቤት አይቶ ነው የነገረን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የግሡ ብቻ አይደለም፣ የይሉኝታም ነው። ሰው «ፊንጢጣ» ማለት ያፍራል። ሲብስበት «በመቀመጫ የሚሰጥ» ይላል፤ እሱ ደግሞ ባሰ፣ ምክንያቱም መቀመጫ ላይ መርፌም ይወጋል። ፊንጢጣ ነውር ቃል አይደለም፣ የአካል ስም ነው። ይጻፉት፦ «ማታ ሲተኙ ሽፋኑን ልጠው በፊንጢጣ ያስገቡ፤ አይዋጥም።» ከረጢቱ ጠባብ ነው እንዳይሉኝ፣ ጀርባም አለው።

ግሥ ሲመርጡ ታዲያ በመድኃኒቱ መልክ አይታለሉ። ክኒን ሁሉ አይዋጥም። የሚታኘክ አለ፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ አለ። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ኒትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ተደርጎ እስኪሟሟ ይጠበቃል፤ ቢዋጥ ጉበት አብዛኛውን ያከሽፈዋል። እዚያ ላይ «ይዋጡ» ብሎ መጻፍ ከ«ይውሰዱ»ም የከፋ ነው።

«ሥር» ካልኩ አይቀር፣ ይቺ ቃል ብዙ ሰው ታምታታለች። «ከምላስ ሥር»፣ «ከቆዳ ሥር» ስንል ታች ማለታችን ነው። «ደም ሥር» ስንል ግን ደሙ የሚሄድበትን ቱቦ ነው። ወረቀት ላይ «ከቆዳ ሥር» እና «በደም ሥር» መንትያ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው «ከ» እና «በ» ነው። ኢንሱሊን በቤት ውስጥ ከቆዳ ሥር፣ ሆድ ወይም ጭን ላይ ይወጋል (በአፍ ቢሰጥ እኮ ሆድ እንደ ሥጋ ነው የሚፈጨው)። ግሉኮስ በደም ሥር ይገባል። አንዳንዱ «በቆዳ ሥር» እያለ ሲጽፍ አያለሁ፣ አልወደውም። እኔ ብሆን «ከቆዳ በታች» ብዬ እገላገላለሁ።

ስለ መርፌው የጠየቁኝ ቀላል ነው። ታካሚው ይወጋል፣ ባለሙያውም ይወጋል፤ በአንዱ «ወ» ይጠብቃል፣ በሌላው ይላላል። በጽሑፍ ይህ ስለማይታይ «በመርፌ የሚሰጥ» ቢሉ ይሻላል። «መርፌ ውሰጂ» ግን ለእኔ ጆሮ የልብስ መስፊያ አቀብሎ የመሸኘት ያህል ነው።

ወደ ፖሊዮው ልምጣ። ጥርጣሬዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ከተበ» በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚያው ነው። ድሮ ለፈንጣጣ ክንድን ጫር ጫር አድርገው ከታመመ ሰው ቁስል የወሰዱትን ያስገቡበት ነበር፣ ቆዳ ላይ እንደ መጻፍ። ክንዳችን ላይ ጠባሳ ትቶ የሚያልፈው የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) ክትባትም ለዚህ ትርጉም ይቀርባል። አሁን ግን ቃሉ መንገዱን ትቶ ዓላማውን ይዟል፦ በሽታው ሳይመጣ መከላከል። ልጁ አፉን ከፍቶ ሁለት ጠብታ ይቀበላል፣ እናቱ «አስከተብኩት» ትላለች። ልክ ናት።