የተላቀቀ ቫዮሊን አልተሰበረም

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የቫዮሊን ተማሪ በስልኳ ፎቶ ላከችልኝ። የቫዮሊኗ ፊትና ጎን የሚገናኙበት መስመር ታች በኩል የጣት ርዝመት ያህል ተላቅቋል። «ጋሼ፣ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው ወይስ ኮላ ይሻላል?» ትላለች። ወዲያው ደወልኩላት። «ምንም እንዳትቀቢው! ክሮቹን ትንሽ አላዪና ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪው፤ አብረን እናየዋለን» አልኳት። እሷ አመስግና ዘጋች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወጣት ሳለሁ በተማርኩበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ የጀርመን ቼሎ ነበር፤ ቼሎ ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ ነው። ቫርኒሹ ብዙ ቦታ ተልጧል። አንገቱን የስንት ሰው እጅ እንዳለሰለሰው እንጃ። የእኔ መሣሪያ ቫዮሊን ነው። ቢሆንም ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሹልክ ብዬ እገባና ደጋኑን በወፍራሙ ክር ላይ እስበዋለሁ። ድምፁ በወለሉ አልፎ እግሬ ድረስ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ውድ ቼሎ ሰማሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄድኩ። ሶፊያ ውስጥ የመሣሪያ ጠጋኝ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሰው ቼሎ አነሡ። ቀጭን ቢላ በፊቱና በጎኑ መካከል አስገቡ፤ ቀስ እያሉ ዙሪያውን ገፉት። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ደረቴን የሚከፍቱት መሰለኝ። ጮኼ «ተሰበረ!» ስል ሳቁ። ፊቱ ሙሉውን ተነሣ፤ አንድ ስንጥር እንኳን አልወጣውም።

ያን ቀን ያስረዱኝን እስከ ዛሬ ለተማሪ ሁሉ እነግራለሁ። የቫዮሊንም የቼሎም ፊት ስፕሩስ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። ጀርባውና ጎኑ ሜፕል ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ጥቁሩ ደግሞ ዞጲ። ፊቱና ጎኑ የሚያያዙት ከእንስሳት ቆዳ በሚፈላ ሙጫ ነው። ሠሪዎቹ ፊቱን ሲያጣብቁ ሙጫውን ሆን ብለው ያሳሱታል። ከእንጨቱ መድከም አለበት። አየሩ ሲደርቅ እንጨት ይጨማተራል፤ የሆነ ነገር መሸነፍ ግዴታው ነው። ሙጫው ከተሸነፈ በሙቀትና በትንሽ እርጥበት ተመልሶ ይያዛል። እንጨቱ ከተሸነፈ ግን ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ናቸው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከንፈር ይሰነጠቃል። ቫዮሊን የሚስማማው ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መሣሪያ በበጋ መላቀቁ ጤንነቱ ነው ብላችሁ ያዙት።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቅኩት ያንን አሮጌ የጀርመን ቼሎ ነበር። በአንድ ደረቅ ታኅሣሥ ሥሩ ተላቅቆ ነበር አሉኝ። አናጢ ተጠራ። አናጢው ጨዋ ሠራተኛ ናቸው፤ ለወንበር የሚያደርጉትን አደረጉለት። ነጭ ኮላ ሞሉበት፤ ቀጫጭን ሚስማር ጨመሩበት፤ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። በእሳቸው ሙያ ጥሩ ሥራ ነው። ተው የሚላቸው ሰው ግን በቤቱ አልነበረም። ቀጣዩ በጋ መጣ። እንጨቱ ሲጨማተር የሚለቅለት ቦታ አጣ። ፊቱ ራሱ ተሰነጠቀ፤ ከታች ተነሥቶ እስከ ድምፅ መውጫው ቀዳዳ። ከሆዱ ውስጥ ፊቱን ከጀርባው ጋር የምታገናኘው ትንሿ ምሰሶ ወድቃ ትንኳኳለች። በቢላና በሙቅ ውሃ ልከፍተው ሞከርኩ። ኮላው ንቅንቅ አልል አለ፤ ቢላው ሲገፋ እንጨቱ ይነሣል። ተውኩት። ንብረት ክፍል «የማይጠገን» ብሎ መዘገበው፤ መጋዘን ገባ። ሲጀመር እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር! ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ። ከእኔ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ያንን ድምፅ ሳይሰሙ ወጡ።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። እኛ ዓመት የፈጀብንን ሙዚቃ በወር ታወጡታላችሁ። የመሣሪያችሁን ሆድ ግን አይታችሁት አታውቁም። ስልክ ላይ ማፍጠጥ በዛባችሁ እላለሁ። በዚያው ስልክ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎችን ቪዲዮ እንድታዩም እለምናለሁ፤ በእኔ ጊዜ ቢኖር ኖሮ እዚያ አድር ነበር።

በሰፈራችን አንድ አዝማሪ ነበሩ። በክረምት ጠዋት ማሲንቋቸውን ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚረግብ ነው። ሳይነኩት ዐይተው ብቻ «ዛሬ አልተነሣም» ይላሉ። እንደዚያ መሣሪያውን የሚያውቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ስንቱ ነው? ቫዮሊን ግን ፀሐይ ላይ አይወጣም። መኪና ውስጥም አይተውም።

ስለ መግዛት ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ውስጡ «ስትራዲቫሪየስ» የሚል ወረቀት ዐይታችሁ አትደንግጡ። ዝነኛው ቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ጣሊያን፣ ክሬሞና ውስጥ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። ከእጅ ሥራዎቹ ዛሬ የተረፉት 650 ገደማ ናቸው። ወረቀቱን ግን የጀርመንና የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ፋብሪካዎች በሺህ በሚቆጠሩ ቫዮሊኖች ላይ ለጥፈውታል። ከወረቀቱ ይልቅ ዙሪያውን በጣታችሁ መገጣጠሚያ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። የተላቀቀ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህን ሰምታችሁ አትሽሹ፤ የዋጋ መከራከሪያ ነው። በአንጻሩ ፊቱ ላይ ክሮቹን ደግፎ ከሚያቆመው ከብሪጁ ግርጌ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት። ውስጥ ያለችው ምሰሶ የምትገፋው እዚያ ነው። ምሰሶዋ በሙጫ አልተያዘችም፤ የክሮቹ ጫና ነው የሚያቆማት። ክር ስትቀይሩም አንድ በአንድ የምላችሁ ለዚህ ነው። ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀውን ቪዮላ ለሚገዛ፣ ቪዮላ እንደ ቫዮሊን ቁርጥ ያለ ልክ የለውም፤ ክንዱን ያማክር። ዋጋ ዋና ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከሁሉ የረከሰውን አትግዙ፤ መቃኛው እየተንሸራተተ ጆሮአችሁን ያበላሸዋል።

አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። ከተማችን ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወት ወጣት እየበዛ ነው፤ ደስ ይለኛል። ከፍቶ የሚጠግን ግን ይቸግራል። ከእናንተ መካከል እጁ የሚታዘዝለት፣ መድረክ ባይወጣም ቅር የማይለው ልጅ ካለ ይህን ሙያ ይያዝ። ቢላውም ሙጫ ማፍያውም እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ የዚያችን ልጅ ቫዮሊን አብረን እናጣብቃለን።