ዘንጉ ለምን እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል?

ጥያቄ፦ የውሃ ፓምፔ ዘንግ ሁለቴ ተሰበረብኝ። ሁለቱም ጊዜ የተቆረጠው ወፍራሙ ክፍል ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ጭነት አልጨመርኩበትም። ሁለተኛውን እንዲያውም ከጠንካራ ብረት ነበር ያስቀረጽኩት። ጥፋቱ የብረቱ ነው?

መልስ፦ ብረቱ ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ። እኔ የተሰበረ ዘንግ ሲመጣልኝ ከምንም በፊት የማየው የተሰበረውን ፊት ነው። ሁለቱን ቁራጭ መልሰው ለመግጠም አይሞክሩ፤ ሲፋተጉ ምልክቱ ይጠፋል። ከጠርዙ አንድ ቦታ ተነስቶ እንደ ግማሽ ክብ እየሰፋ የሚሄድ ለስላሳ ክፍል፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሻካራ ክፍል ካዩ፣ ዘንግዎን የሰበረው የብረት ድካም ነው፤ ማለትም ጭነት ሲደጋገምበት ብረቱ ቀስ በቀስ መሰንጠቁ። ለስላሳው ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘበት ነው። ሻካራው መጨረሻ ላይ ባንዴ የተበጠሰው ነው። ሻካራው ትንሽ ከሆነ ጭነቱም ትንሽ ነበር ማለት ነው። ያኔ እኔ የምጠረጥረው ቅርጹን ነው።

ቺንጋው ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ላዩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይጨመቃል። በደቂቃ 1500 ዙር ከሆነ በሰዓት 90,000 ጊዜ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክስሎችን እየፈተነ ያሳየው ይህንኑ ነው። ባንድ ጊዜ ምንም የማያደርገው ጭነት ሲደጋገምበት ብረቱን ይሰብረዋል።

ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ማዕዘን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሰፊ ላሜራ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በስተው ቢስቡት፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ 3 እጥፍ ይሆናል። ሹል ማዕዘንም እንዲሁ ውጥረት ይሰበስባል። በዚያ ላይ ጠንካራ ብረት ለሹል ማዕዘንና ለጭረት ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ሁለተኛው ዘንግ ያልበጀዎት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቶርኖ ሠሪውን «ማዕዘኑን ክብ አድርገህ አውጣልኝ» ይበሉት። ለ30 ሚሊሜትር ዘንግ፣ ቦታው ከፈቀደ 3 ሚሊሜትር ሬዲየስ ጥሩ ነው። የቶርኖው ጭረት እስኪጠፋም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስልዎት። ኩሽኔታው እዚያው ማዕዘን ላይ የሚደገፍ ከሆነ ግን ልብ ይበሉ። የዘንጉ ሬዲየስ ከኩሽኔታው የውስጥ ጠርዝ ሬዲየስ ከበለጠ ኩሽኔታው ደርሶ አይቀመጥም። ያኔ በማዕዘኑና በኩሽኔታው መሃል ጠርዙ የተላጨ ቀለበት ያስገቡ። ቺንጋውንም ከልክ በላይ አይወጥሩ። የተሰበረውን በብየዳ ለማዳን ካሰቡ ደግሞ እባክዎ ይተዉት፤ የብየዳው ጠርዝ ራሱ አዲስ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።