ለወጣት መምህራን፦ ከገበያው ጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ተመድባችሁ ስለ አመጋገብ ልታስተምሩ ስትነሡ፣ እባካችሁ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የምግብ ሥዕል አትጀምሩ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባልትናና ሥነ ምግብ በማስተማር ነው። ልጅ «ፕሮቲን፣ ቫይታሚን» ብሎ ሸምድዶ ፈተናውን ይደፍናል፤ ቤት ሲገባ ግን ሳህኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። በገዛ እጁ ያበሰለውን ግን ይበላል። ለታናሹም ያሳያል።

መነሻችሁ የሳምንቱ ገበያ ይሁን። ምን ገባ? ምን ረከሰ? ክረምት ላይ የጓሮ ጎመን አለ። በደጋው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የባቄላና የአተር እሸት ይደርሳል። የምንጃር ሽምብራ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል መረሬ አፈር ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ያድጋል፤ ስለዚህ እሸቱ የሚመጣው የደጋው ባቄላ ካለፈ በኋላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ፓፓያና ማንጎ ይወጣል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ጠይቀው ወር በወር ይመዝግቡት። በወቅቱ የደረሰ ምግብ ትኩስ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እጅ ላጠረው ቤት ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ለመጀመሪያው ቀን የባቄላ ንፍሮ ምረጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 96 ይጠጋል። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከፊዚክስ መምህሩ ቴርሞሜትር ተዋሱና ልጆቹ ይለኩት። ባቄላውን ማታ ይዘፍዝፉት፤ ቶሎ ይበስላል። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ የሚይዘው ፋይቴትም ይቀንሳል። ሊጥ ሲቦካም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ስንዴና ባቄላ አብረው ስለሚቀቀሉበት የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ያውቁታል። ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ባቄላው ይሞላለታል። ባቄላ ደግሞ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፣ እሱን ስንዴው ያመጣል። ልጁ ይህን እናቱ ድስት ውስጥ ካየው አይረሳውም።

ጎመን ላይ ጠንከር በሉ። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቅር፤ ቫይታሚን ሲና ፎሌት አብረው ይደፋሉ። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ከዚያ ይከተፍ፣ በትንሽ ውሃ ተከድኖ ቶሎ ይውረድ። ዘይት ጠብ ይበልበት፤ በጎመንና በካሮት ያለው ለቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም። አዮዲን ያለበት ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ዕቃውም ይከደን። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል፤ ብረቱን ይሻማሉ።

ወንዶቹን «ውሃ አምጡ» ብላችሁ ከማጀት አታስወጧቸው። ቢላ ይያዙ፣ ሽንኩርት ይክተፉ። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አስቡ። ስንቁ ካለቀ በኋላ ሽሮ መሥራት የማይችል ልጅ በደረቅ ዳቦ ነው የሚሰነብተው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በሶና ቆሎ ቋጥሮ የመጣ ልጅ ብስኩት በያዘ ጓደኛው ፊት ሲያፍር ማየት አልወድም። ገብሱ ከነአሰሩ ነው፤ ልጁን አጥግቦ ያቆየዋል። ብስኩቱ አብዛኛው ስኳርና ነጭ ዱቄት ነው። እናንተ በእረፍት ሰዓት በሶ ጨብጣችሁ አብራችኋቸው ብሉ። ከንግግራችሁ ይልቅ ይህን ያያሉ።

ምድጃው ደጅ ይሁን፣ ጭስ ክፍል አይግባ። እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ማንም ድስት አይንካ። ቢላና እሳት ያለበት ቦታ ላይ ከአጠገባቸው አትራቁ።

የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ልጆቹ ያበሰሉትን አቅርቡ። እናቶች ይቅመሱ፣ «ጨው በዝቷል» ካሉም ልጆቹ ይስሙ። ከመካከላቸው ባለሙያዋን ለይታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ስልጆ አጣጣሉን እንድታሳይ ጋብዟት።